ልጄ ሳውዝ ሌክ ታሆ ሄጄ ልማር ትለኛለች፤ የምታውቁትን ንገሩኝ

የሜሪ እናት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የምንኖረው ሳክራሜንቶ ነው። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። እስካሁን ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ከቤታችን ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አለ። እዚያ ሁለት ዓመት ተምራ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራለች ብዬ ነበር።

አምና ከትምህርት ቤት ታሆ ሐይቅ ወሰዷቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ተቀየረ። ሐይቁ ዳር ሳውዝ ሌክ ታሆ ከተማ ያለው ሌክ ታሆ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ የደን ትምህርት እማራለሁ ትላለች። እኔ የደን ትምህርት ምን ሥራ እንደሚያስገኝ አላውቅም። አባቷ ደግሞ ከሄደች አትመለስም ብሎ ዝም ብሏል። እኔ የሌሊት ሺፍት ስለምሠራ አንድ ነገር ብትሆን በምን ልደርስላት? በረዶው አለ፣ ቁማር ቤቱ አለ፣ የምታውቀው ሰው የለም። ሰው ሁሉ ቤት ውድ ነው ይለኛል።

እዚያ የኖረ ወይም የተማረ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ። እንዲሁ አይዞሽ እንድትሉኝ አይደለም።


ሃይዌይ 50፦

እህቴ፣ ኮሌጁን አላውቀውም። መንገዱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ጭነት ይዤ እመላለስበታለሁ። ከሳክራሜንቶ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደረቅ ቀን ከሆነ ሁለት ሰዓት። ኤኮ ሰሚት የሚባለው ጫፍ 2,250 ሜትር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ትወርጃለሽ። በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ ያስቆሙሻል። የጎማ ሰንሰለት ከሌለሽ ይመልሱሻል። በአራት ጎማ የሚነዳና የበረዶ ጎማ ያለው መኪና ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ እሱም ቢሆን ሰንሰለቱን ይዞ መገኘት አለበት።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በክረምት አርብ ማታ ወደ ላይ፣ እሁድ ከሰዓት ወደ ታች እንዳትነዳ። የበረዶ ሸርተቴ ሰው መንገዱን ይሞላዋል። ሁለቱ ሰዓት ስድስትና ሰባት ሲሆን አይቻለሁ። መኪናዋ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ውኃ፣ ባትሪ፣ አካፋ አይጥፋ። ይህን ካደረገች መንገዱ አያስፈራም።


የጣና ዳር ልጅ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚያ ከተማ አራት ዓመት ገደማ ኖሬአለሁ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2018 እስከ 2022። ኮሌጁ ውስጥ ተምሬአለሁ፣ ድንበር ማዶ ኔቫዳ ውስጥ ባለ ሆቴል አልጋ አንጥፌአለሁ። እውነቱን ካልሽ ኮሌጁ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ማደሪያው ነው። ልጅሽ የምትተኛበትን አልጋ ሳታገኝ ለትምህርት እንዳትመዘገብ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ነዋሪዋ ሃያ አንድ ሺህ ገደማ ነው። ቤት ሞልቷል፤ ግን ብዙው ባለቤቱ ሌላ ቦታ የሚኖር ነው። በዓመት ጥቂት ሳምንት መጥቶ ይሄዳል፣ ወይም ለእንግዳ ያከራየዋል። መንገዱ ላይ ማታ ስትሄጂ መስኮቱ ሁሉ ጨለማ ነው። እኔ መጀመሪያ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራዬ በጋውን ሙሉ ጥሩ ሰው ነበር። ዲሴምበር ሲገባ ክፍሉን ለሸርተቴ እንግዶች እፈልገዋለሁ፣ በሁለት ሳምንት ልቀቂ አለኝ። ውል አልነበረኝም። ዕቃዬን በሁለት ጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ከትቼ፣ በረዶው ጉልበቴ እየደረሰ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሳሎን ገባሁ። ፈተና ደርሶ ነበር። የሒሳብ ደብተሬ ረጥቦ ገጾቹ ተጣብቀው፣ ማሞቂያው ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ ስለያይ አደርኩ።

አሁን ግን ለእኔ ያልነበረ ነገር አለ። ኮሌጁ ግቢው ውስጥ የተማሪ መኖሪያ ሠርቷል፤ መቶ አልጋ ገደማ ነው። መቶ አልጋ ብዙ አይደለም፣ ቶሎ ይሞላል። ማመልከቻው በተከፈተ ቀን ታመልክት። ካላገኘች ደግሞ በስልክ የተገኘ ክፍል ላይ ገንዘብ እንዳትልኪ። ሄዳችሁ እዩት፣ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ውሉም ክረምቱን አሳልፎ ጁን ይድረስ።

ስለ ኮሌጁ ልንገርሽ። በ1975 ሲከፈት መንገድ ዳር የነበረ ሞቴል ተቀይሮ ነው የተጀመረው። አሁን ያለበት የጥድ ደን ውስጥ የገባው በ1988 ነው። ይህን ለምን እነግርሻለሁ? የቤቱን ጠባይ ስለሚያሳይ ነው። ትንሽ ነው። የሒሳብ ክፍላችን ውስጥ አሥራ ስምንት ነበርን። አስተማሪያችን በሁለተኛው ሳምንት የሁላችንንም ስም ያውቅ ነበር፤ የእኔን ስም በትክክል ለመጥራት ከክፍል በኋላ ሦስት ጊዜ አስደግሞኛል። ማርች 2020 ላይ በኮሮና ምክንያት ኔቫዳ ቁማር ቤቶቹን በሙሉ ስትዘጋ ሥራዬ በአንድ ቀን ቆመ። ትምህርቱም ወደ ኮምፒውተር ሄደ። የእኔ ኮምፒውተር አሮጌ ነበር፣ ካሜራው አይሠራም። ሁለት ክፍል ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ያው አስተማሪ ስልክ ደወለልኝ። “ደኅና ነሽ? ምን ጎደለሽ?” አለኝ። አገር ቤት እያለሁ እንኳ አስተማሪ ደውሎልኝ አያውቅም። ያን ቀን ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባይደውልልኝ ትምህርቱን እተው ነበር፤ ራሴን ስለማውቅ ነው።

ትምህርቱ ግን ሩጫ ነው። እኔ ስማር በሴሚስተር ሳይሆን በኳርተር፣ ማለትም ከሴሚስተር ባጠረ ክፍለ ጊዜ ነበር። መጀመርሽን ሳታውቂ ፈተና ይደርሳል። ልጅሽ ነገሮችን የምታሳድር ከሆነች አሁኑኑ ንገሪያት።

ቁማሩን ጠይቀሻል። ቁማር ቤቶቹ ካሊፎርኒያ በኩል ሳይሆን ኔቫዳ በኩል ነው ያሉት፤ ግን ድንበሩ መንገድ ላይ የተሰመረ መስመር ነው፣ በእግርሽ ትሻገሪዋለሽ። ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሰው መጫወት አይችልም። ልጅሽ ገና ሦስት ዓመት ይቀራታል። እኔ የተጎዱ ያየሁት ተማሪዎቹን አይደለም፤ ከእኛ ጋር የሚሠሩ ትልልቅ ሰዎችን ነው። አርብ ደመወዝ ተቀብለው፣ የደንብ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ማሽኑ ጋ የሚቀመጡ ነበሩ። ይህን ለልጅሽ ሳትደብቂ ንገሪያት። እዚያ ሥራ ከፈለገች ደግሞ በሳምንት ከሃያ ሰዓት አትለፍ። እኔ አርባ እየሠራሁ ስለተማርኩ ነው ሁለቱ ዓመት አራት የሆነብኝ።

ብቸኝነቱን አልደብቅሽም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ አበሻ በጣት የሚቆጠር ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። በዓል ሲመጣ ነው የሚከፋሽ። የመጀመሪያውን ፋሲካ ከሥራ ወጥቼ ብቻዬን እንቁላል ቀቅዬ ነው የፈታሁት። ግን እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፣ ሐይቁ አጽናናኝ። ታሆ 1,897 ሜትር ላይ ነው፤ ጣናም 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩን ስተነፍሰው ሳንባዬ ያውቀዋል። ምስር እንኳ ሳክራሜንቶ ከሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፣ ልክ እናቴ ቤት እንደሚፈጀው። ውኃው ከፍታ ላይ ቶሎ ስለሚፈላ ነው፤ ይፈላል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል።

ሌላውም ይመሳሰላል። ወደ ታሆ ከስልሳ በላይ ጅረቶች ይገባሉ፣ የሚወጣው ግን አንድ ወንዝ ብቻ ነው፤ ትራኪ ይባላል። ዓባይ ብቻውን ከጣና እንደሚወጣው ማለት ነው። ዓባይ ባሕር ይደርሳል፣ ትራኪ ግን ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ሐይቅ ጋ ያበቃል። ጥልቀቱ ግን አይገናኝም። ጣና በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። ታሆ 501 ሜትር ነው። በስፋት ጣና ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ታሆ ያን ሁሉ በረዶ ተሸክሞ የማይረጋው ጥልቀቱ ስለማይፈቅድለት ነው። በዙሪያው ሁሉ ነጭ ሆኖ መሃሉ ሰማያዊ ሆኖ ይቀመጣል። ከሥራ ስወጣ ዳሩ ላይ አሥር ደቂቃ ሳልቆም ቤት ገብቼ አላውቅም።

ድብ አለ። አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ ሰው አይተናኮልም፤ የሚፈልገው ምግብ ነው። አንድ እንቁጣጣሽ የአክስቴ ልጅ ከሬኖ ድፎ ዳቦ ላከችልኝ። ደክሞኝ ስለነበር መኪና ውስጥ ትቼው ገባሁ። ጠዋት ስወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የኋላ ወንበሩ ተቦጫጭቋል፣ ከዳቦው የቀረው ኮባው ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ማስቲካ እንኳ አይቅር በያት።

አሁን ወደ ደን ትምህርቱ ልምጣ፤ አንቺ ምን ሥራ ያስገኛል ብለሽ የጠየቅሽው። በኦገስት 2021 ካልዶር የተባለው የደን እሳት ተነሣ። መጀመሪያ ሩቅ ነበር። በግራናይቱ ተራራ በኩል አይሻገርም ይሉን ነበር። ተሻገረ። ኦገስት 30 ቀን ከተማው በሙሉ ውጡ ተባለ። ወደ ሳክራሜንቶ የሚወስደው መንገድ በእሳቱ ተዘግቷል፣ ሰው ሁሉ በአንድ መንገድ ወደ ኔቫዳ ነው። ፀሐይዋ እንደ ብርቱካን ነበረች። መኪናዬ ላይ አመድ ይዘንባል። ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበረኝ። ፓስፖርቴን፣ ደብተሬን፣ ጀበናዬን ያዝኩ። ጀበናውን ጉልበቴ መሃል አድርጌ ነው የነዳሁት። በእግር የሃያ ደቂቃ የሚሆነውን መንገድ ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ።

ከሳምንት በኋላ ስንመለስ ከተማው ነበር። እሳቱ በስተ ምዕራብ ግሪዝሊ ፍላትስ የተባለውን መንደር አብዛኛውን አቃጥሎታል። የእኛን ከተማ ያተረፉት እሳት አጥፊዎቹ ናቸው። ሌላም ምክንያት ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ከከተማው ዳር ያለው ደን አስቀድሞ እንዲሳሳ ተደርጎ ነበር። ቁጥቋጦው ተመንጥሮ፣ የተጠጋጋው ዛፍ ተቆርጦ ስለነበር እሳቱ እዚያ ሲደርስ ከዛፍ ጫፍ ወደ መሬት ወረደ። ይህን የሚሠሩት የደን ትምህርት የተማሩ ሰዎች ናቸው። የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ የትኛው እንደሚቀር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ ይህ ሥራ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው የሚሄደው። እኔ አካውንቲንግ ነው የተማርኩት፤ ያን ሳምንት ካየሁ በኋላ ግን ልጅሽ የመረጠችውን ትምህርት ቀላል ነው ማለት አልችልም።

የእኔን ከጠየቅሽኝ፣ አልጋ ካገኘች ላኪያት። ካላገኘች አንድ ዓመት እዚያው ሳክራሜንቶ ትጀምርና በሚቀጥለው ትሂድ። ሐይቁ አይሄድም።


ኬቢ፦

የሜሪ እናት፣ እኔ በዚህ ዓመት ነው ከሌላ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩሲ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ዴቪስ የተዛወርኩት። የገንዘቡንና የዝውውሩን ነገር ልንገርዎት፤ ሌላው ተነግሯል።

እርስዎ ካሊፎርኒያ ከዓመት በላይ ስለኖሩ ልጅዎ የነዋሪ ክፍያ ነው የምትከፍለው። በኳርተር ለሚያስተምር ኮሌጅ በክሬዲት 31 ዶላር ነው። በአንድ ኳርተር አሥራ አምስት ክሬዲት ብትወስድ 465 ዶላር ይሆናል። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ካሊፎርኒያ ኮሌጅ ፕሮሚስ ግራንት የሚባል አለ፤ ይህን ክፍያ በሙሉ ያነሣላችኋል። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ይሙሉ። ፔል ግራንት የሚባለውን የማይመለስ የመንግሥት እርዳታ ሙሉውን ካገኘች በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ለቤት ኪራይም ይውላል፤ ሰው ይህን አያውቅም። ግሪን ካርድ ያለውም ዜጋውም ማመልከት ይችላል።

ዝውውሩን በተመለከተ፣ ከታሆም ብትጀምር ከሳክራሜንቶም ብትጀምር መንገዱ አንድ ነው። ታግ የሚባል ውል አለ። በስድስት የዩሲ ካምፓሶች፣ ዴቪስን ጨምሮ፣ የተጠየቀውን ውጤትና ትምህርት ካሟላች መግባቷ የተረጋገጠ ነው። ማመልከቻው ሴፕቴምበር ላይ ነው፤ ያቺ ወር ካለፈች አለፈች። አሲስት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የትኛው ክፍል እንደሚቆጠር ይታያል። ከመጀመሪያው ኳርተር ጀምራ ትየው። እኔ ሁለት የማይቆጠሩ ክፍሎች ወስጄ ጊዜዬን አጥፍቻለሁ።

ደግሞ ይህንን ልጨምር። ዴቪስ ታሆ ላይ የራሱ የምርምር ማዕከል አለው። ነጭ ሳህን ወደ ሐይቁ እያወረዱ እስከ ስንት ሜትር እንደሚታይ ይለካሉ። ከ1968 ጀምሮ ሳያቋርጡ ለክተዋል። ያኔ ከ30 ሜትር በላይ ይታይ ነበር፤ አሁን ወደ 20 ሜትር ወርዷል። እዚያ የጀመረች ልጅ ዴቪስ ብትገባ ያንኑ ሐይቅ ማጥናቷን ትቀጥላለች።


የሜሪ እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጣና ዳር ልጅ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እሳቱ ጋ ስደርስ ቴሌቪዥኑን ዘጋው።

ማክሰኞ ዕረፍቴ ስለነበር ሦስታችን ሄድን። ሃይዌይ 50፣ ማልደን ወጣን፣ መንገዱ ደረቅ ነበር። ኮሌጁ ውስጥ አንዲት ሴት ግቢውን አሳየችን። የመኖሪያውን ማመልከቻ መቼ እንደሚከፈት ጠየቅኩ፤ ቀኑን ጽፋ ሰጠችኝ፣ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። ፋፍሳውን ሜሪ ትናንት ማታ ጀምራለች።

አባቷ መንገዱን ሙሉ አልተነፈሰም። ግቢው ውስጥ ስንሄድ ልጄ እጁን ይዛ ወደ አንድ ትልቅ ጥድ ወሰደችው። ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ነው። “አባዬ፣ አሽትተው” አለችው። አላሸትም አለ። አንገቱን ጎትታ አስጠጋችው። አፍንጫውን ስንጥቁ ውስጥ አድርጎ ትንሽ ቆየ። “ኬክ ኬክ ይላል” አለ። ጄፍሪ ፓይን ይባላል፣ ፀሐይ ሲመታው ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል አለችው። ከዚያ ሌላ ዛፍ ጠየቃት። ከዚያ ሌላ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ይህቺ ልጅ ይህን ሁሉ መቼ እንዳወቀች አላውቅም።

ሲመለስ መኪና ውስጥ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። “በየስንት ሳምንቱ ትመጫለሽ?” አላት።

አሁን የምጠይቃችሁ የክረምት ልብስ ነው። የእኛ ልጅ የሳክራሜንቶ ልጅ ናት፣ ያላት ስኒከር ብቻ ነው። ምን ዓይነት ጫማ ነው የሚገዛው? የት?


የጣና ዳር ልጅ፦

እህቴ፣ ጫማ አትግዢ ገና። ውኃ የማያስገባ፣ ውስጡ ሱፍ ያለው የበረዶ ቡት አለኝ። ሁለት ክረምት ነው የተጫማሁት፣ ሶሉ ደኅና ነው። ቁጥሩ 38 ነው። አሁን እኔም ሳክራሜንቶ ነኝ ያለሁት። ለሜሪ የሚሆናት ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤው እመጣለሁ። ሰንሰለቱም መኪናዬ ውስጥ ተቀምጧል፣ የጎማዋን ቁጥር ላኪልኝና ይገጥም እንደሆነ አያለሁ።